ምትክ መምህርና የሕፃናት አንደበት፦ በአዘናና በአካባቢው የትምህርት ታሪክ መነሻነት

መግቢያ

የአንድ አገር የትምህርት ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚመዘገበው ትምህርት ቤቱ የተከፈተበት ዓመት፣ የገቡት ተማሪዎች ቁጥር፣ የተመደቡት መምህራን ብዛትና በየጊዜው የወጡት ደንቦች ናቸው። ሕፃኑ በክፍል ውስጥ ተነሥቶ የተናገረው ቃል ግን ከመዝገብ አይገባም። በተለይም መደበኛው መምህር በሕመም፣ በሐዘን ወይም በሥራ ምክንያት ሳይገኝ ቀርቶ በምትኩ ሌላ ሰው ወደ ክፍል ሲገባ ሕፃናት የሚሰነዝሩት የዋህና አስቂኝ አነጋገር በመምህራን ማረፊያ ክፍል ለጥቂት ጊዜ ከተሣቀበት በኋላ ተረስቶ ይቀራል።

ነገር ግን ይህ አነጋገር ለሣቅ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። መደበኛው መምህር ከተማሪዎቹ ጋር አብሮ ስለ ሰነበተ የእነርሱን አነጋገር ለምዶታል፤ እነርሱም የእርሱን ፈቃድ ስለሚያውቁ የሚወደውን መልስ ይሰጡታል። ምትኩ መምህር ግን ያልተለመደ ሰው በመሆኑ ሕፃኑ ምን ማለት እንደሚገባው አስቀድሞ አያውቅም። ስለዚህ የሚናገረው በእርግጥ የሚያስበውን ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ምትክ መምህር፣ «መምህራችሁ ስለ ታመሙ ዛሬ የማስተምራችሁ እኔ ነኝ» ሲል ከፊተኛው መቀመጫ ያለው ሕፃን፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ሲታመሙስ የሚመጣው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ክፍሉ ይሥቅ ይሆናል። ጥያቄው ግን ብዙ የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ምልልሶች ከአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ የተቀዱ ሳይሆኑ ነገሩን ለማስረዳት የተዘጋጁ ምሳሌዎች ናቸው። የሚቀርበው ታሪክ ግን በአገር አቀፍ ደረጃ የታወቀ ነው። መነሻ የተደረገውም አዘና ነው። አዘና ሰባት ቤት አገው ተብለው ከሚታወቁት ከአንከሻ፣ ከባንጃ፣ ከኳኩራ፣ ከዚገም፣ ከመተከልና ከጫራ ጋር የሚቆጠር ጥንታዊ ስም ሲሆን፣ ዛሬ በአዊ ዞን ውስጥ ይገኛል። በዚህ አካባቢ በቤቱ አውንጊ የሚናገረው ሕፃን ትምህርት ቤት ሲገባ ለብዙ ዘመን የጠበቀው በሌላ ቋንቋ የሚያስተምር መምህር ስለ ነበረ፣ የምትክ መምህርና የሕፃን አንደበት ጉዳይ በዚህ ስፍራ ጎልቶ ይታያል።

በየኔታ ወንበር የተቀመጠ ደቀ መዝሙር

ምትክ መምህር በኢትዮጵያ የተገኘው ከዘመናዊ ትምህርት ጋር አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት የኔታ ለቅዳሴ፣ ለቀብር ወይም ለሌላ ጉዳይ ሲሄዱ ሕፃናቱን የሚያስቀጽሉት በትምህርት የገፉት ደቀ መዛሙርት ነበሩ። የኔታ በስፍራው ባሉ ጊዜም እንኳ ከፊደል ቆጣሪዎቹ አብዛኞቹን የሚያስተምሯቸው ቀደም ብለው ንባብ የጀመሩት ልጆች ናቸው። በዚህም ሥርዐት አንድ መምህር ብዙ ደቀ መዛሙርትን ያለ ከፍተኛ ወጪ ሊያስተምር ችሏል። አንድሩ ቤል የተባለው ስኮትላንዳዊ ቄስ በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በሕንድ በማድራስ፣ ጆሴፍ ላንካስተርም ከጥቂት ጊዜ በኋላ በለንደን፣ ትልልቆቹ ተማሪዎች ታናናሾቹን የሚያስተምሩበትን ዘዴ በሥራ ላይ አውለው በዓለም ሲታወቁበት፣ ተመሳሳዩ ልማድ በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ የቆየ ነበር።

የደቀ መዝሙሩ ምትክነት የሕፃኑን እውነተኛ ዕውቀት በቶሎ ያጋልጣል። ሀ ሁ ሂን በዜማ ያጠና ሕፃን ገበታውን ከግራ ወደ ቀኝ በስንደዶ እያመለከቱ ሲያስቀጽሉት ሳይሳሳት ይዘልቃል። ምትኩ ደቀ መዝሙር የየኔታን ልማድ ሳይጠብቅ ከገበታው መካከል አንዱን ፊደል ቢያመለክተው ግን ሕፃኑ ግራ ይጋባል። ያን ጊዜ፣ «የኔታ ከዚህ አይጀምሩም፤ ይህን ፊደል የማውቀው ከወዲያ ስመጣ ነው» ብሎ ቢመልስ የተናገረው ፍጹም እውነት ነው። ፊደሉን በመልኩ ሳይሆን በተራው ይዞታልና። ከፊደል ቀጥሎ የሚመጣው አቡጊዳም የፊደሉን ቅደም ተከተል ስለሚለውጥ በጆሮ ብቻ የያዘውንና በዓይኑ የለየውን ሕፃን ለይቶ ያሳያል። እንዲህ ያለውን መልስ በኩርኩም የሚያልፈው ደቀ መዝሙር ነበረ፤ ሥቆ ሕፃኑን እንደገና ከፊደሉ መልክ የሚያስጀምረውም ነበረ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ነው።

ከሩቅ የመጡ ምትኮች

ዘመናዊ ትምህርት በኢትዮጵያ ሲጀመርም መምህሩ ከሌላ ስፍራ የመጣ ሰው ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በመጀመሪያ ያስተማሩት ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በነበረው የጠላት ወረራ ትምህርት ቤቶች ከመዘጋታቸውም በላይ የተማሩ ወጣቶች ስላለቁ፣ ከነጻነት በኋላ የመምህራን እጥረት ለብዙ ዓመታት አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል። እጥረቱን ለመሸፈን ከተወሰዱት እርምጃዎች ሁለቱ በተለይ ይታወሳሉ። አንደኛው በ1955 ዓ.ም የትምህርት ዘመን ከ270 በላይ የሚሆኑ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ በተለይም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማራቸው ነው። ሁለተኛው ከ1957 ዓ.ም ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ከመፈጸማቸው በፊት አንድ ዓመት በአገልግሎት እንዲያሳልፉ መደረጉ ነው። ከእነዚህም የሚበዙት በየክፍለ ሀገሩ በመምህርነት ተመድበዋል።

እነዚህ ወጣቶች ለአንድ ቀን የመጡ ምትኮች ባይሆኑም፣ በመደበኛው መምህር ስፍራ ለተወሰነ ጊዜ ተቀምጠው የሚሄዱ በመሆናቸው በተማሪዎቻቸው ዓይን ምትኮች ነበሩ። ተማሪዎቹም እነርሱ ያላሰቡትን ነገር ያስታውሷቸው ነበር። የውጭ አገሩ መምህር ሰዓቱን አይቶ ጠዋት 7 ሰዓት ሲል ተማሪው 1 ሰዓት ነው ብሎ ያርመዋል፤ ኢትዮጵያዊ ቀኑን የሚቆጥረው ከፀሐይ መውጫ ነውና። መምህሩ 12 ወራት ሲቆጥር ተማሪው ጳጉሜንን ጨምሮ 13 ያደርሳል። መምህሩ በሰሌዳ ላይ የጻፈው ዓመተ ምሕረት ከተማሪው በ7 ወይም በ8 ዓመት የሚበልጥ ሆኖ ሲገኝ፣ «መምህር፣ እናንተ አገር ሰባት ዓመት ከቀደማችሁ እኛ የምንደርስበትን ታውቃላችሁ ማለት ነው፤ ፈተናውን አሁን ይንገሩን» የሚል ልጅ ቢገኝ አያስደንቅም። በዚህ ቀልድ ውስጥ የዘመን አቆጣጠር የሰው ስምምነት እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አለመሆኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተገልጿል።

ከመሀል አገር የመጣው የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ስም በሚጠራበት ሰዓት ተመሳሳይ ነገር ሊገጥመው ይችላል። በብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰብ አንድ ሕፃን በቤት የሚጠራበት ስም፣ የክርስትና ስምና በትምህርት ቤት የተመዘገበበት ስም ሊለያዩ ይችላሉ። መደበኛው መምህር ይህን ስለሚያውቅ አይቸገርም። ምትኩ ግን መዝገቡን ይዞ ሦስት ጊዜ ጠርቶ መልስ ሲያጣና ቀሪ ሊጽፍ ሲል አጠገቡ ያለው ልጅ፣ «ጋሼ፣ እሱ እዚህ አለ፤ ስሙ መሆኑን ገና ስላልለመደው ነው» ይለዋል። ቃሉ ያስቃል፤ ነገር ግን አንድ ሕፃን በትምህርት ቤት ውስጥ እንግዳ ሆኖ የሚሰማው ከስሙ ጀምሮ መሆኑን ይናገራል። እንዲህ ያለውን ልጅ ቀሪ ብሎ የሚጽፍ መዝገብ ደግሞ ለዕቅድ አውጪው የተሳሳተ ቁጥር ይልካል።

የእንግዳው ስሕተትና የሕፃኑ ስሕተት

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው አንድ ነገር አለ። ከባሕር ማዶ የመጣው መምህር አንተን አንቺ እያለ፣ ወንዱን በሴት አንቀጽ እየጠራ አማርኛ ሲሞክር ተማሪውም ወላጁም በፍቅር ይሥቅለታል፤ ቋንቋችንን ለመማር ይጥራል ተብሎም ይመሰገናል። የአዊ ሕፃን በሁለተኛ ቋንቋው ሲሳሳት ግን ብዙ ጊዜ የተቆጠረበት እንደ ስንፍና ነው። ሁለቱ ስሕተቶች የተነሡት ከአንድ ምንጭ ሆኖ ሳለ ፍርዱ ተለያይቷል።

አውንጊ ከማዕከላዊ ኩሽ ወይም ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሮበርት ሄትስሮን የተባለው የቋንቋ ሊቅ ስለ ግሡ ሥርዐት ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1969 አሳትሟል። አማርኛ ሴማዊ ቢሆንም ለብዙ ዘመናት ከአገው ቋንቋዎች ጋር ጎን ለጎን ስለ ኖረ በዓረፍተ ነገር አሰካክ የሚመሳሰሉበት ነገር ብዙ ነው፤ በሁለቱም ግሡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። በድምፅ በኩል ግን ልዩነት አለ። እንደ ጠና እንደ ጨ ያሉት የአማርኛ ጠንካራ ድምፆች በአውንጊ የራሱ ቃላት ውስጥ አይገኙም፤ በአንፃሩ አውንጊ በተለመደው የአማርኛ ፊደል የማይወከል ከአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ አለው። ስለዚህ አማርኛን ገና የጀመረ ሕፃን ጠን ወደ ተ ቢያስጠጋ የሚያስደንቅ አይደለም።

ይህን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ሕፃን ከትምህርት ሰዓት መካከል ብድግ ብሎ ሊወጣ ሲል አካባቢውን የማያውቀው ምትክ መምህር ያስቆመዋል። ሕፃኑም፣ «ጋሼ፣ ተራኝ» ይላል፤ ጠራኝ ማለቱ ነው። መምህሩ፣ «ተራህ ገና አልደረሰም፤ ተቀመጥ» ይለዋል። ሕፃኑ ግን፣ «ተራዬ አይደለም፤ የተራኝ አባቴ ነው» ይላል። ክፍሉ በሣቅ ይሞላል። ከዚህ በኋላ የሚሆነው በመምህሩ ነው። ሣቁን ተቀብሎ የሕፃኑን ቃል እያፌዘ ቢደግመው፣ ሕፃኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ አፉን ይዘጋል፤ ቀሪውን ዓመት በጸጥታ የሚቀመጠውም ልጅ ጨዋ ተብሎ በመልካም ጠባይ ይመሰገናል። መምህሩ ሁለቱን ቃላት በሰሌዳ ጽፎ፣ «ይህ ጠራ ነው፤ ይህ ተራ ነው፤ በእናንተ ቋንቋ ይህን እንዴት ትሉታላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ግን ሣቁ የትምህርት መክፈቻ ይሆናል፤ ሕፃኑም ለመምህሩ አስተማሪ ሆኖ ይቀመጣል።

ይህ ዓይነቱ ማዳመጥ በሌላውም ዓለም ተሞክሯል። ኮርኔይ ቹኮቭስኪ የተባለው ሩሲያዊ ደራሲ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ያሉ ሕፃናትን አነጋገር ለብዙ ዓመታት ሰብስቦ ሲያሳትም፣ ስሕተት የሚባለው ቃላቸው ቋንቋውን በራሳቸው ሕግ እየሠሩት መሆናቸውን የሚያሳይ ነው ብሏል። የኒውዚላንዷ መምህርት ሲልቪያ አሽተን ዋርነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመችው መጽሐፍ እንደ ገለጸችው፣ በእንግሊዝኛ የሚማሩትን የማኦሪ ሕፃናት ንባብ ያስጀመረቻቸው ከሩቅ በመጣ መጽሐፍ ሳይሆን እያንዳንዱ ሕፃን ራሱ በሰጣት ቃል ነው። ሕፃኑ የሚፈራውን ወይም የሚወደውን ነገር ስም በካርድ ላይ ጽፋ ስትሰጠው በአንድ ጊዜ ያነበው ነበር።

በአዘና አካባቢ እንዲህ ያለ ቃል ይሰጥ ቢባል ከፈረስ የሚቀድም አይኖርም። ፈረስ በአዊ ሕዝብ ኑሮ ከፍ ያለ ስፍራ አለው፤ የሰባት ቤት አገው የፈረስ በዓልም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ይከበራል። ምትክ መምህሩ ከሒሳብ መጽሐፍ፣ «አንድ ፈረስ በ1 ሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በ3 ሰዓት ስንት ይሄዳል?» ብሎ ሲጠይቅ አንዱ ሕፃን እጁን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ውሃ የሚጠጣው መቼ ነው?» ቢለው የማያስብ መምህር ከጥያቄው ወጥተሃል ይለዋል። በእርግጥ ግን ሕፃኑ ጥያቄው የተመሠረተበትን ድብቅ ግምት አግኝቶታል፤ ይኸውም ፈረሱ ያለ ዕረፍት በአንድ ፍጥነት ይሄዳል የሚለው ነው። መልሱ 30 ነው ከማለት በፊት ይህን ግምት መግለጽ ለሒሳብም ለሕፃኑም ክብር ነው።

የዘመቻ መምህራንና የቋንቋ ጉዳይ

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲጀመር የዩኒቨርሲቲና የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከመምህራን ጋር ወደ ገጠር ዘመቱ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም ደግሞ ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተከፍቶ ብዙ ወጣቶች በመምህርነት ተሰማሩ። ዘመቻው በዓለም አቀፍ ደረጃ እውቅና ያገኘ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ ትልቅ ስፍራ የሚሰጠው በጊዜ ሂደት በ15 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች መማሪያ በመዘጋጀቱ ጭምር ነው።

አውንጊ ግን ከእነዚህ 15 ቋንቋዎች መካከል አልነበረም። በመሆኑም በአገው ምድር በአውንጊ አፉን የፈታው ተማሪ፣ ሕፃንም ሆነ ጎልማሳ፣ ፊደልን የተቀበለው በአማርኛ ነበር። በዚህ ሁኔታ በዘማቹና በተማሪው መካከል የሚቆመው ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰማ ልጅ ነው። ዘማቹ የተናገረውን ለአያቱ፣ አያቱ የተናገሩትን ለዘማቹ የሚያስተረጉመው ሕፃን፣ አያቱ የጠየቁትን ከባድ ጥያቄ አሳጥሮ፣ «ይበቃል፣ ደክሞኛል ይላሉ» ቢል በቦታው ለነበሩት ቀልድ ነው። ለታሪክ ጸሐፊ ግን ይህ ሕፃን ስሙ በደመወዝ መዝገብ ያልሰፈረ ምትክ መምህር ነው።

በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ከፈቀደ በኋላ አውንጊ በአዊ ዞን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ይሁን እንጂ ቋንቋው በመርሐ ግብር ላይ መግባቱ ብቻውን አይበቃም። መደበኛው መምህር ሲቀር የሚገባው ምትክ አውንጊን የማይሰማ ከሆነ ክፍሉ ለዚያ ቀን ወደ ቀደመው ዘመን ተመለሰ ማለት ነው።

የማይሰማ ምትክ

በ1997 ዓ.ም የትምህርት ዘመን በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚሰራጭ የቴሌቪዥን ትምህርት ሲጀመር ተማሪዎች አዲሱን መምህር በመሣሪያው ስም ፕላዝማ ብለው ጠሩት። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ሲሆን ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ይወስድ ነበር፤ የክፍሉ መምህር የሚቀረው መክፈቻና መዝጊያ ብቻ ነው። በዕጥረት ምክንያት ጥሩ መምህር ላላገኙ ክፍሎች አንድ ዓይነት ትምህርት ለማዳረስ የታሰበው ዓላማ መልካም ነበር። ይህ ምትክ ግን ከቀደሙት ሁሉ በአንድ ነገር ይለያል። ደቀ መዝሙሩ ሊቆጣ፣ ዘማቹ ሊሥቅ፣ የባሕር ማዶው መምህር ሊታረም ይችላል። ፕላዝማው ግን ጥያቄ ጠይቆ ለመልስ የተወሰኑ ሰከንዶች ከጠበቀ በኋላ፣ ማንም ባይመልስም እንኳ፣ በጣም ጥሩ ብሎ ያልፋል። ባዶ ክፍል ውስጥም ያለ ጉድለት ያስተምራል። ተማሪው ምን ብሎ እንደ መለሰለት ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለውም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከቀረበው ታሪክ የሚገኘው ፍሬ ነገር አጭር ነው። በኢትዮጵያ ምትክ መምህር አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ሳይሆን ትምህርት ለመስፋፋት የተጠቀመበት ዋና መንገድ ነው። ከደቀ መዝሙሩ እስከ ዘማቹ ብዙውን የአገሪቱን ሕፃን ያስተማሩት በሌላ ሰው ስፍራ የተቀመጡ ናቸው። የእያንዳንዳቸው ጥቅም ሲመዘን ደግሞ ካስተማሩት ያላነሰ ዋጋ ያለው የሰሙት ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ቤቶች ሦስት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛ፣ ምትክ መምህር ሲመደብ ባዶ ክፍለ ጊዜ ለመሙላት ብቻ ሳይሆን የሕፃናቱን ቋንቋ የሚሰማ መሆኑ ቢረጋገጥ፣ ይህ ካልተቻለም ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ረዳት ቢመደብለት። ሁለተኛ፣ ምትኩ ከክፍል ሲወጣ ያስተማረውን ምዕራፍ ብቻ ሳይሆን ሕፃናቱ የተናገሩትን ያልተጠበቀ ቃል በአንድ ደብተር ጽፎ ለመደበኛው መምህር ቢያስረክብ። መደበኛው መምህር መስማት ያቆመውን ነገር በዚህ ደብተር እንደገና ይሰማል። ሦስተኛ፣ መጽሐፍና መርሐ ግብር የሚያዘጋጁ ሰዎች እነዚህን ደብተሮች በየጊዜው ቢመለከቱ፣ የትኛው ጥያቄ ለአዘና ሕፃን እንግዳ እንደ ሆነ ከማንኛውም ፈተና ውጤት ቀድመው ይረዳሉ።

ይህን ለማድረግ አዲስ ሕንፃም አዲስ መሣሪያም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሕፃኑ፣ «የተራኝ አባቴ ነው» ሲል ከሣቁ በኋላ እርሳስ የሚያነሣ መምህር ነው።